ቀምሶ መስጠት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ውባለም ሥራ ስትሄድ ልጆቿን እኔ ዘንድ ትተዋቸዋለች። ወተትም ይሁን ገንፎ ሳቀርብላቸው አስቀድሜ በማንኪያ ጫፍ እቀምሳለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ነው የምሰጣቸው። ትንሹ ይህን ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን እናቱ ስትመጣ፣ «እማማ ሁልጊዜ ቀድማ ትበላብናለች» ብሎ ከሰሰኝ። እሷም፣ «እኔንም እየበላችብኝ ነው ያሳደገችኝ» አለችው። ልጁ የምሯን መሰለውና በሐዘኔታ አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ልጻፈው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። የፊደል ስህተት ካለ ውባለም እንድታርም ፈቅጃለሁ፤ ነገሩን ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

ሥራ የገባሁት ሁለተኛ ልጄን በቀበርኩ ሰሞን ነው። የመጀመሪያውን ኩፍኝ ወሰደብኝ፣ ሁለተኛይቱን ተቅማጥ። ባሌ ጎንደር ውስጥ በአንድ ደብር መሪጌታ ነበር፤ ቤታችን ተማሪ አይጠፋበትም፣ ገንዘብ ግን አይበረክትበትም። ባዶ ቤት ተቀምጬ ሳለቅስ መዋሌ አስፈራውና ሆስፒታል የሚሠራ ዘመዱን ለምኖ ልብስ እጥበት አስገባኝ። የእጥበት አለቃችን ከጣሊያን ጊዜ ጀምረው በዚያው ሥራ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንሶላ ስናለቀልቅ ከኋላችን ይቆሙና ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ «ድገሚ» ይላሉ። ሌላ ቃል ሲናገሩ ብዙም አልሰማሁም። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ እጄ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ያ ነው ያዳነኝ።

ደምቢያ ላይ ወባ በጠናበት ዓመት ከሐኪሞቹ ጋር ወደ ኮላ ድባ ተላክሁ። ውሃ መቅዳት፣ ማፍላት፣ የታመመ ማጠብ ነበር ሥራዬ። እትዬ የሻረግን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ነርስ ናቸው፤ አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሴት። ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። እናትን ቆመው አያናግሩም፤ ወንበር ከሌለ መሬት ይቀመጣሉ። የልጁን ስም ከመጠየቃቸው በፊት የእናቲቱን ስም ይጠይቃሉ። ምነው እንዲህ ያደርጋሉ ብላቸው፣ «ልጁን ሁሉም በስሙ ይጠራዋል። እሷን ከወለደች ወዲህ በስሟ የጠራት የለም» አሉኝ።

ጎንደር ስንመለስ ወደ ወተት ክፍላቸው ወሰዱኝ። እናቱ የሞተችበት ወይም የእናቱ ጡት የነጠፈበት ሕፃን የዱቄት ወተት ተበጥብጦለት የሚጠጣበት ክፍል ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ውሃው ፈልቶ ይወርዳል፤ እጅ እስኪችለው ይበርዳል። ዱቄቱ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ ይታሻል፤ ሁሉንም ውሃ ባንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው እንክብል እንክብል ያበዛል፤ እንክብሉም የልጅ ሆድ ይነፋል። ከዚያ ቀሪው ውሃ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ ስኳርና ጥቂት ዘይት ይገባበታል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ጡጦ አይፈቅዱም ነበር፤ ጡጦ በደንብ አይታጠብም ይሉ ነበር። በሲኒና በማንኪያ ነው። ማንኪያው የታችኛውን ከንፈር ነክቶ ይቆማል፤ ልጁ ራሱ ነው የሚስበው። ካልዋጠ ሁለተኛው ማንኪያ አይነሣም። የልጁን አናት እርግብግቢት በጣት ዳስሰው ጎድጉዶ ካገኙት ውሃ እንደጎደለው ያውቃሉ፤ እኔንም አስተማሩኝ።

በአንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጎን አንዲት ትንሽ የቀንድ ማንኪያ በክር ይንጠለጠላል። ወተቱ ተሠርቶ እንዳለቀ በእሷ ይቀምሳሉ፤ ጥቂት ዝም ብለው ይቆያሉ፤ «ይሁን» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው ሲኒ የሚነሣው። በጾም ቀን ግን አይቀምሱም። ማንኪያዋን ኪሳቸው ይከቷትና ያሸታሉ። እኔም እንዲሁ። ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን በአፍንጫችን ነበር የምንሠራው። የተበላሸ ወተት ይሸታል፣ ያረረም ይሸታል፤ አፍንጫ ይበቃል ብለን ስንሠራ ስንት ዓመት ምንም ሳይገጥመን ኖርን።

በዚህ መሀል ውባለምን ወለድኩ። ዓመት ሳይሞላት አባቷ ሞተ። ከዚያ በኋላ ይህችን ልጅ ዓይኔ ላይ አኖርኳት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ቤት አትበላም። ጎረቤት ቁራሽ ሲሰጣት እቀማታለሁ። ሴቶቹ፣ «ይህችን ልጅ ነፋስም ቢሆን ተመርምሮ ነው የሚነፍስባት» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይበሉ።

አራት ዓመት ሲሆናት ወደ ጭልጋ እንድንሄድ ታዘዝን። ከመተማ ማዶ፣ የሱዳን መንግሥትና ከሕዝቡ ወገን የሆኑ ሰዎች ተጣልተው ኖሮ ብዙ ሰው በእግሩ ድንበር ተሻግሮ መጣ። ቆላው ላይ በሽታ እንዳይፈጃቸው ተብሎ ወደ ደጋው አወጧቸው። ከከተማዋ ከአይከል ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው። የአውራጃው ገዥ ሕዝቡን ሰብስበው፣ ስደተኛ እንዳትሏቸው፣ የመንግሥት እንግዶች ናቸው ብለው አስጠነቀቁ። የቆላ ሰዎች ናቸው፤ ስስ ነጭ ልብስ ለብሰው በጭልጋ ጉም ውስጥ ሲቆሙ ያሳዝናሉ። ገበሬው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ የሰጠ አለ፤ እንጨት በአህያ ጭኖ ያመጣ አለ። ያጉረመረመም አልጠፋም። እህል ተወደደ፣ ዛፉ አለቀ ይሉ ነበር። አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት ምንጩ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ፣ «ጋባዡ ገዥው፣ የሚቀዳው የእኛ ምንጭ» ስትል ሰምቻለሁ። እንዲህ እያለችም የራሷን እንስራ ሞልታ ለአንዲት የሱዳን አሮጊት ሰጠቻት።

ሥጋ ላይ ጥንቃቄው ሸጋ ነበር። የእነሱ ሃይማኖት እስልምና፣ የእኛ ክርስትና ስለሆነ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ስለዚህ ገዥው በሬውን በቁሙ ሰጧቸው። ይህን የመከሩት አያ ኑሩ ናቸው። አያ ኑሩ የጎንደሩ የሙስሊሞች ሰፈር የአዲስ ዓለም ሽማኔ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ገዳሪፍ እየነገዱ ዓረብኛ ለምደው ነበርና አስተርጓሚ ሆነው አብረውን መጡ። ለሥጋ እንዲህ ስንጠነቀቅ ስለ ወተት ያሰበ አልነበረም።

ወተት ቤታችን የቆርቆሮ ዳስ ነበር። በጠዋት ከሚመጡት ሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ዘይነብ የምትባል ረጅም ሴት ነበረች። ባሏ የት እንደቀረ አታውቅም። መንታ ልጆች ይዛለች፤ ሐሰንና ራሕማ፤ ገና መቀመጥ ያልጀመሩ። የሷ ጡት ለአንዱም አይበቃ። ያጠብነውን ሲኒ ተቀብላ እንደገና ታጥበዋለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ንቀት መስሏቸው ይቀየሟት ነበር። እኔ ግን ገባኝ፤ እኔም ሰው ቤት እንዲያ ነኝ። እሷም ውባለምን በአንቀልባ አዝዬ ስሠራ ታየኛለች፤ የአራት ዓመት ልጅ! አንድ ቀን በአያ ኑሩ በኩል፣ ልጅቷ እግር የላትም ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። ሳቅን።

ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ከከተማ አዲስ የስኳር ጆንያ መጣ። ክረምት ነው፤ ሁሉም ነገር ይረጥባል፣ ይጓጉላል። ከጆንያው ቀድቼ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ጠለልኩ። እትዬ የሻረግ አጎንብሰው አሸተቱ። «ይሁን» አሉ። ሰጠን። ሕፃናቱ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። እኛም በአያ ኑሩ በኩል እናቶቹን አይዟችሁ፣ ሞክሩ፣ ቀስ እያላችሁ አስጨርሷቸው እንል ነበር። ዘይነብ ሐሰን ሁለት ጊዜ ሲተፋባት ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ሲኒውን መሬት ጣለችው። ከዚያ የሆነውን ጩኸት አልገልጸውም። እትዬ የሻረግ ወደ ጆንያው ሄዱ፤ እጃቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉና እዚያው ጆንያው ሥር ቁጭ አሉ። ጨው ነው። የስኳር ጆንያ ውስጥ ማን እንደጨመረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨው ግን አይሸትም።

ያን ቀን የጠጡትን ሕፃናት አንድ በአንድ ይዘን የፈላ ውሃ በማንኪያ ስንሰጥ ዋልን። አስመለሳቸው፣ ተኮሱ፤ ግን ሁሉም ተረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ቸኩለን ኖሯል።

በማግሥቱ ዳሱ ባዶ ነበር። ከዚያም በማግሥቱ። ሽማግሌዎቻቸው ከዚያ ቤት ምንም እንዳይወሰድ ከልክለዋል። አያ ኑሩ ሊያግባቡ ሄደው፣ አንተም የእነሱ ሰው ነህ ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እትዬ የሻረግ ጆንያውን በሰው አሸክመው ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ አሳዩ። ጨው መሆኑን ሁሉም አመኑ። ሳናውቅ መስጠታችንን ግን አላመኑም። ወተት የሚሠራ ሰው ጨውና ስኳር እንዴት አይለይም አሉ። ምን ይባላል? ጾም ላይ ነበርን ማለት ለእትዬ የሻረግ ጥፋትን በፈጣሪ ማሳበብ መስሎ ታያቸውና ዝም አሉ።

ብዙዎቹ ሕፃናት የእናታቸው ጡት ነበራቸውና ቻሉት። የዘይነብ መንቶች ግን አልቻሉም። ሐሰን ሞተ። ጨዉ አይደለም የገደለው። ወተታችን ተዘጋጅቶ፣ ደህና ሆኖ፣ ከድንኳኑ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቆ ተቀምጦ ሳለ በረሃብ ሞተ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ልጆች አልቅሼ ሸኝቻለሁ። ይህኛው ግን እጃችን ላይ እያለ ነው ያመለጠን።

ለቅሶው ላይ የአይከል ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ምንጩ ላይ ስታጉረመርም የሰማኋትም ነበረች። ማንም አልጠራቸውም። የማያውቁትን ሕፃን አለቀሱ። የሱዳን ሴቶች ግራ ገብቷቸው ያዩ ነበር። ዘይነብ አላየችንም፤ ራሕማን እቅፏ ውስጥ ሸሽጋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። የራሕማ እርግብግቢት ጎድጉዶ ከሩቅ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የሻረግ በየጠዋቱ ትኩስ ወተት በክዳን ዕቃ አስይዘውኝ ዘይነብ ድንኳን ደጃፍ ሄደው መሬት ይቀመጣሉ። ዝናቡ ይወርድባቸዋል። አይጣሩም። ወተቱ ሲቀዘቅዝ ይነሣሉ፤ በማግሥቱ ይመጣሉ። እኔም ውባለምን የምተውበት ስለሌለኝ አዝያት እሄዳለሁ። አያ ኑሩ ትንሽ ራቅ ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው ይቆማሉ።

አንድ ጠዋት ዘይነብ ወጣች። ልጇን ታቅፋለች። የልጅቷ አንገት ወደ ኋላ ወድቋል። ቆማ ወደ ዕቃው አየች፣ ወደ ጀርባዬ አየች። አንድ ነገር ተናገረች። አያ ኑሩ ሳይተረጉሙት ጃንጥላቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ይንገሩን እንጂ» አሉ እትዬ የሻረግ።

አያ ኑሩ ወደ ውባለም እያዩ ተረጎሙት። «ደህና ከሆነ የራሷን ልጅ ታጠጣት ነው የምትል።»

እትዬ የሻረግ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ ይህን አልጠይቅሽም» አሉኝ። የምራቸውን ነው። ሁለት ልጅ እንደቀበርኩ ያውቃሉ።

ውባለምን ከጀርባዬ አወረድኳት። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም፤ በዚያ በኩል ነገር የለም። ወተቱን በሲኒ ቀዳሁ። ውሃውን ያፈላሁት እኔ፣ ስኳሩን የጨመርኩት እኔ፣ የጠለልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀንም የሠራሁት እኔው ነበርኩ። ሲኒውን ወደ አፏ ላስጠጋ እልና እጄ አይሄድልኝም። ልጄ አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ዞር አልኩና እትዬ የሻረግን፣ «ማንኪያዋን ይስጡኝ» አልኳቸው። ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሰው ሁሉ እያየ፣ በፍልሰታ፣ ወተት ቀመስኩ። ጥቂት ቆየሁ። ይጣፍጣል። ያን ጊዜ ለውባለም ሰጠኋት። ግጥም አድርጋ ጠጣችና ከንፈሯ ነጭ እንደሆነ፣ «ጨምሪልኝ» አለች።

አበቃ፣ አመነችን ብዬ ቀና ስል የዘይነብ ፊት ከቅድሙ የባሰ ሆኗል። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። አያ ኑሩም ዝቅ ባለ ድምፅ አስተላለፉት።

«ለልጅሽ ስትሰጪ ቀመስሽ። ለልጄ ስትሰጪ ምነው አልቀመስሽም?»

ከአፌ የወጣው፣ «ጾም ነበር» የሚለው ብቻ ነው።

አያ ኑሩ ይህን በአንድ ቃል አላለፉትም። ከጎረቤት ክርስቲያኖች ጋር ኖረው አርጅተዋልና ብዙ አብራሩላት። ሥጋ እንደማንበላ፣ ወተትና ቅቤ እንደማንቀምስ፣ ይህም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም የማይፈታ መሆኑን ነው የነገሯት። እሷ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ቆይታ ወደ እኔ አየችና አንድ ነገር አስጠየቀችኝ። «ዛሬስ ጾሙ አልቋል?»

«አላለቀም» አልኩ።

እጄ ላይ ያለችውን ማንኪያ አየች። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊታችን መሬት ተቀመጠች። ማንኪያዋን ከእጄ ወሰደች። ሲኒው ውስጥ ከውባለም የተረፈውን ነክራ ቀመሰች። እንደኔው ቆየች። ከዚያ ለራሕማ የታችኛውን ከንፈር አስነክታ ያዘችላት። ልጅቷ ለመሳብ ጊዜ ወሰደባት። ስትውጥ ሁላችንም ጉሮሮዋን ነበር የምናየው። ሁለተኛውን ማንኪያ ሳታነሣ ዘይነብ አንገቷን እንደደፋች ተናገረች፤ አያ ኑሩም፣ «አንቺ ጹሚ፤ እኔ እቀምሳለሁ ነው የምትልሽ» አሉኝ።

በማግሥቱ ዳሱ በር ላይ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ማንኪያዋን እትዬ የሻረግ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ከጀርባዋ ሌሎቹ እናቶች ቆመዋል። ወተቱ ተሠርቶ ሲያልቅ እሷ ቀምሳ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ያን ጊዜ ሲኒ ይነሣል። ፍልሰታው እስኪፈታ እንዲህ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ በየረቡዑና በየዓርቡ።

የንስሐ አባቴን አግኝቼ ነገሩን ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ። ቀጥለው፣ ሕፃኗ ጠጣች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጠጥታለች አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ስግደቱን ግን አልቀነሱልኝም።

የእነሱ ረመዳን ሲገባ ማንኪያዋ ወደ እኔ ተመለሰች። ዘይነብ የዳሱን በር ተደግፋ ስቀምስ ታየኛለች፤ ቶሎ ከዋጥኩ ጣቷን ታወዛውዝብኛለች፤ ቆዪ ማለቷ ነው። ችግር የሆነው በረመዳን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ነው። እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። እትዬ የሻረግና አያ ኑሩ መከሩና ሥራው ለውባለም ተሰጠ። ልጄ ሳጥን ላይ ቆማ በዚያች ማንኪያ ትቀምሳለች፣ የእትዬ የሻረግን ፊት አስመስላ ትቆያለች፣ «ይሁን» ትላለች። ግራና ቀኟ እኔና ዘይነብ ነን፤ ምን ሆነች እያልን አፏን እናያለን። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ይስቁብን ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይተው አገራቸው ሰላም ሆኗል ተባለና የሚመለሱት ለመመለስ ተነሡ። መንግሥት የጭነት ማኪና አቀረበ። የአይከል ሰው ስንቅ ይዞ ወጣ፤ ምንጩ ላይ ስታጉረመርም የነበረችው ሴት ለሱዳኗ አሮጊት የሰጠቻት እንስራ ተመልሶ ሲመጣላት አልቀበልም ብላ ስትከራከር አየሁ። ዘይነብ ማንኪያዋን ከአንገቷ ልትፈታ ስትል እትዬ የሻረግ እጇን ያዙት። ማንኪያዋ ከእሷ ጋር ሄደች።

ራሕማ በእግሯ ትሄድ ነበር። ዘይነብ ከውባለም ፊት ቁጢጥ አለች። ከመቀነቷ ውስጥ አንድ ቴምር አወጣች። ግማሹን ነክሳ አኘከች፤ ዋጠች፤ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ለልጄ ዘረጋችላት።

ውባለም እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው አንዳች ነገር ሲሰጣት ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ታይ ነበር። ያን ቀን አላየችኝም። ተቀብላ ጎረሰችው። እኔም ቆዪ አላልኳትም።